«ክሪፕ» ዕድለኛ ዘፈን ብቻ ነው ላሉን፦ የምላሽ ጽሑፍ

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ «ይቺን አንብብና ተናደድ» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። አነበብኩ፣ ተናደድኩም። ጽሑፉ የሚያወራው ስለ እንግሊዙ የሮክ ባንድ ስለ ሬዲዮሄድና በ1992 ስላወጡት የመጀመሪያ ነጠላ ዜማ ስለ «ክሪፕ» ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የጸሐፊው ክስ ሲጨመቅ ይሄ ነው፦ ዘፈኑ በዕድል ታወቀ፤ በአራት ኮርድ (አብረው በሚመቱ ድምፆች ጥምር) የተሠራ ተራ ነገር ነው፤ እሱም ቢሆን የተሰረቀ ነው፤ ግጥሙ የልጅ ለቅሶ ነው፤ ባንዱ ራሱ ያፍርበታል፤ ስለዚህ ከታሪካቸው ቢፋቅ ምንም አይጎድልም።

ስድስት ክስ በአንድ ዘፈን ላይ! ከስድስቱ የአንዱን ግማሽ እቀበላለሁ። የትኛውን እንደሆነ ስንደርስበት እነግራችኋለሁ።

«በዕድል ነው የታወቀው»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ታሪኩን ከመሃል ነው የጀመረው። እኛ ከመጀመሪያው እንነሳ። ቶም ዮርክ፣ ወንድማማቾቹ ጆኒና ኮሊን ግሪንዉድ፣ ኤድ ኦብራየንና ፊል ሴልዌይ የተገናኙት ኦክስፎርድ አጠገብ ባለው የአቢንግደን ትምህርት ቤት ነው። ዮርክ «ክሪፕ»ን የጻፈው በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ የኤክስተር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እያለ ነው። ባንዱ በ1991 መጨረሻ ኢኤምአይ ከሚባለው የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ተፈራረመ፤ በ1992 ደግሞ ቺፒንግ ኖርተን ወደሚባል ቦታ ወዳለ ስቱዲዮ ገባ። የሚሠሩት ፖል ኮልደሪና ሾን ስሌድ ከሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ፕሮዲውሰሮች ጋር ነበር።

የገቡት ሌሎች ሁለት ዘፈኖች ሊቀርጹ ነው። ልምምድ ላይ እያሉ ግን ማንም ሳይጠይቃቸው «ክሪፕ»ን ተጫወቱት። ሲጨርሱ ዮርክ «የእኛ የስኮት ዎከር ዘፈን» የምትል ነገር ጣል አደረገ። ስኮት ዎከር በ60ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ገናና የነበረ ድምፃዊ ነው። ዮርክ «በእሱ ስልት የሠራነው» ማለቱ ነበር፤ አሜሪካውያኑ ግን «የእሱ ዘፈን» ብለው ሰሙት። ስሌድ ሲወጡ ለኮልደሪ ያለው፣ ምርጡ ዘፈናቸው የሰው መሆኑ ያሳዝናል ነው። ከዚያ ቀረጻው አልሄድ አለ፣ ሰዉ ተሰላቸ። ኮልደሪ ልጆቹ ትንሽ ይነቃቁ ብሎ እስቲ ያንን ዘፈን ተጫወቱት አላቸው። አንዴ ተጫወቱት። ሲያበቃ ስቱዲዮው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። የራሳቸው ዘፈን መሆኑም የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው።

ጸሐፊው ይህንኑ ታሪክ «ሳይታሰብ የተቀረጸ» ብሎ እንደ ጉድለት ቆጥሮታል። እኔ ደግሞ ልጠይቀው። ሥራቸው ዘፈን መስማት የሆነ ሁለት ሰዎች፣ የማን እንደሆነ እንኳ በትክክል ሳያውቁ ይሄኛው ይበልጣል ካሉ፣ ዕድሉ የቱ ጋ ነው?

ወደ ገበያው እንሂድ። ነጠላ ዜማው መስከረም 1992 ወጣ። እንግሊዝ ውስጥ 6,000 ቅጂ ገደማ ተሸጠ፣ 78ኛ ደረጃ ላይ ቆመ። ቢቢሲ ሬዲዮ 1 ስሜት የሚያጨልም ዘፈን ነው ብሎ ሸሸው። ባንዱም ወደ ሌላ ሥራ ሄደ። በ1993 ሁለት ነጠላ ዜማዎች አከታትሎ አወጣ፤ አንዱ 32ኛ፣ ሌላው 42ኛ ደረጃ ያዘ። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ያኔ ከ«ክሪፕ» በልጠዋል። ዛሬ ስማቸውን ሳይፈልግ የሚነግረኝ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ከዚያ የሆነው ነው የሚገርመው። ዮአቭ ኩትነር የሚባል እስራኤላዊ የሬዲዮ ሰው ዘፈኑን በሠራዊቱ ሬዲዮ ደጋግሞ አጫወተው፤ እዚያ አገር ተወዳጅ ሆነ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ደግሞ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ አነሳው። ከዚያ አሜሪካ ውስጥ እየተዛመተ ሄዶ በአማራጭ ሮክ ሠንጠረዥ 2ኛ፣ በዋናው የቢልቦርድ ሠንጠረዥ 34ኛ ደረሰ። እንግሊዞቹ ይሄን ካዩ በኋላ ነው መስከረም 1993 ላይ ድጋሚ የወጣው። ባንዱ መጀመሪያ እንዲወጣ አልፈለገም ነበር። ወጣ፣ 7ኛ ሆነ።

ዕድል አንዴ ያጋጥማል። ዘፈኑ ቤቱ ተጥሎ ሌላ አገር ላይ ከተነሳ፣ ከዚያ ሌላ አህጉር ላይ ከተነሳ፣ ከዚያ የጣለው ቤት ራሱ ተመልሶ ካነሳው ግን እኔ ለዚህ ሌላ ስም ነው ያለኝ፦ ሰዉ ወደደው። በቃ።

«አራት ኮርድ ብቻ ነው፣ ማንም ይጫወተዋል»

ይሄ ክስ የግል ጉዳዬ ነው። ጊታር ስማር ከሞከርኳቸው የመጀመሪያ ዘፈኖች አንዱ «ክሪፕ» ነበር፤ «አራት ኮርድ ብቻ ነው» ብለው አታልለውኝ። የመጀመሪያው ጂ ሜጀር ነው፣ እሺ፣ እሱን ሕፃንም ይይዘዋል። ሁለተኛው ቢ ሜጀር ነው። ቢ ሜጀር ማለት አመልካች ጣትህን ክሮቹ ላይ አጋድመህ ተጭነህ፣ በቀሩት ጣቶችህ ደግሞ ሌሎቹን ክሮች የምታሳድድበት ኮርድ ነው። እጄ ቁርጠት ይዞት ለአንድ ሳምንት ያህል ከጂ ወደ ቢ መሻገር አቅቶኝ ነበር። ሁለት ኮርድ ላይ ተቀርቅሬ ጎረቤት ሳሰቃይ ከረምኩ። «ማንም ይጫወተዋል» የሚለው ሰው መጀመሪያ ጣቱን ያሳየኝ።

ቀልዱን ትተን፣ ዋናው ነገር አስቸጋሪነቱ አይደለም። አራቱ ኮርዶች ጂ ሜጀር፣ ቢ ሜጀር፣ ሲ ሜጀርና ሲ ማይነር ናቸው። ጊታር ወይም ፒያኖ አጠገባችሁ ካለ አንድ ነገር ሞክሩ። ጂ ውስጥ ዲ የምትባል ድምፅ አለች። ቢ ላይ ስትደርሱ እሷ ግማሽ እርምጃ ወደ ላይ ትወጣና ዲ ሻርፕ ትሆናለች። ሲ ሜጀር ላይ ሌላ ግማሽ እርምጃ ወጥታ ኢ ትሆናለች። ሲ ማይነር ላይ ግማሽ እርምጃ ትወርዳለች፤ ወደ ጂ ስትመለሱ ዲ ላይ፣ የተነሳችበት ቦታ ላይ ትቀመጣለች። ወጣች፣ ወጣች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወረደች። ተስፋ አድርጎ «ኧረ ተወው» የሚል ሰው አይመስልም? ግጥሙ የሚናገረውም ስለዚያው ሰው ነው። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው እንኳ ይሄ ነገር ሆዱን ይይዘዋል፤ ምክንያቱ እዚያች አንዲት ድምፅ ውስጥ ነው ያለው።

ደግሞ ዘፈኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእነዚሁ አራት ኮርዶች ላይ ነው የሚዞረው። አዝማቹም እነሱ፣ ቶም ዮርክ ድምፁን ጣሪያ የሚያስነካበት መሃለኛው ክፍልም እነሱ። አንድም ኮርድ ሳይቀይሩ እንዴት ነው ታዲያ ዘፈኑ ሦስት የተለያየ ክፍል ሆኖ የሚሰማን? በድምፅ መጠን ነው። በድምፃዊው ጉሮሮ ነው። በጆኒ ግሪንዉድ ጊታር ነው። ጸሐፊው ድህነት ያለውን እኔ ቁጠባ ነው የምለው።

ስለዚያ ጊታር ትንሽ ላውራ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ይሄን ሳልል ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም። ዘፈኑ ሲጀምር ቤዙና ድራሙ ብቻቸውን ናቸው። ቀጥሎ ክሩን አንድ በአንድ የሚነካካ ለስላሳ ጊታር ይገባል። ዮርክ ሊያንሾካሹክ ትንሽ የቀረው ይመስላል። አንድ ደቂቃ ሊሞላ ሲል፣ አዝማቹ ከመግባቱ በፊት፣ ክርች! ክርች! የሚል ድምፅ ይመጣል። ግሪንዉድ ክሮቹን በግራ እጁ አፍኖ በቀኙ በኃይል ሲመታቸው ነው። ኖታ የለውም። ዜማ የለውም። ብረት በር የተሰበረ ይመስላል።

ጸሐፊው ይህንን «የተለመደ የሮክ ጩኸት» ብሎት አልፏል። ታሪኩ ግን የሚያስቅ ነው። ግሪንዉድ ዘፈኑ በጣም ጭር አለበት፣ አልወደደውም። ኤድ ኦብራየን በኋላ እንደተናገረው፣ ያ ድምፅ ጆኒ ዘፈኑን ሊያበላሽ ሲሞክር የተቀረጸ ነው፤ ዘፈኑን ዘፈን ያደረገውም እሱ ነው። አስቡት እንግዲህ። ዘፋኙ ለመወደድ የማይበቃ ሆኖ የሚሰማውን ሰው ይዘፍናል፣ ጊታሪስቱ ደግሞ አጠገቡ ቆሞ ዘፈኑን ይጠላል፣ ጥላቻውም እዚያው ቴፕ ላይ ይቀረጻል። ይሄንን አቅዶ መሥራት አይቻልም። ከዚያ ወዲህ ስንት ባንድ ከአዝማቹ በፊት ያንን የክሮች ድምፅ ለማምጣት ሞከረ፤ ያለ እውነተኛ ንዴት ግን ቀለሙ አይመጣም።

«የተሰረቀ ዜማ ነው»

ጉዳዩ አዲስ አይደለም፣ የተደበቀም አይደለም። አልበርት ሃሞንድና ማይክ ሄዝልዉድ የጻፉት፣ ዘ ሆሊስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1974 ያስወደደው «ዘ ኤር ዛት አይ ብሪዝ» የሚባል ዘፈን አለ። «ክሪፕ» ከእሱ የኮርድ አካሄድና መሃል ላይ ያለች የዜማ ቁራጭ ይጋራል። ሁለቱን አከታትላችሁ ብትሰሙ ትለዩታላችሁ፤ እኔ አልክድም። በዚህ የተነሳ ሃሞንድና ሄዝልዉድ የ«ክሪፕ» ተባባሪ ደራሲ ተብለው ተመዘገቡ፣ ድርሻም ይወስዳሉ። ሃሞንድ ራሱ ሲናገር የሬዲዮሄድ ልጆች ሐቀኛ ስለነበሩ ሁሉንም ካልወሰድን አላልንም፣ ትንሽ ድርሻ ይዘን ጨረስን የሚል ሐሳብ ነው የሰጠው። ባለቤቱ ይቅር ብሎ ድርሻውን እየበላ ጸሐፊው ግን እስከዛሬ ክስ ላይ ነው።

ከዚህ ጋር አያይዞ የላና ዴል ሬይን ጉዳይ ያነሳል። በ2018 መጀመሪያ ላይ ዘፋኟ «ክሪፕ»ን ይመስላል በተባለው «ጌት ፍሪ» በሚለው ዘፈኗ ምክንያት ሬዲዮሄድ እንደከሰሷትና የዘፈኑን የደራሲነት ገቢ መቶ በመቶ ካልሆነ እንዳሏት ጽፋ ነበር። ጸሐፊው እዚያ ላይ ቆመና «ሌባ ሌላውን ሌባ አለ» ብሎ ደመደመ። ቀጥሎ የመጣውን አላነበበውም ወይም ዘሎታል። የሬዲዮሄድ ዘፈኖች አሳታሚ ዋርነር ቻፔል ክስ እንዳልተመሠረተ፣ መቶ በመቶ የሚባል ነገርም እንዳልተጠየቀ ተናገረ፤ የተፈለገው የ«ክሪፕ» ደራሲዎች ሁሉ ስማቸው እንዲጠቀስ ነው አለ። «ሁሉ» ውስጥ እኮ ሃሞንድና ሄዝልዉድም አሉ! የተሰረቁ የተባሉት ሰዎች ናቸው አብረው የሚጠቀሙት። ወንድሜ፣ ግማሽ ታሪክ ይዞ ሰውን ሌባ ማለት ትንሽ ይከብዳል።

«ግጥሙ ለቅሶ ነው»

አዎ ለቅሶ ነው። ታዲያስ? እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ራሱን ከሰው በታች ያየ ወጣት የጻፈው ነው፣ እንደዚያ ነው የሚሰማውም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ለቅሶ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከአንድ ተማሪ አፍ አያልፍም ነበር። ስካላ የሚባሉት የቤልጂየም የሴት ልጆች መዘምራን በፒያኖ ብቻ ዘመሩት፤ በ2010 የ«ሶሻል ኔትወርክ» ፊልም ማስታወቂያ ላይ ተሰማና ሰዉ ዘፈኑን እንደ አዲስ አገኘው። ከዚያ በፊት፣ በ2008፣ ገናናው አሜሪካዊ ሙዚቀኛ ፕሪንስ ኮቼላ በሚባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ስምንት ደቂቃ ገደማ ተጫወተው። ፕሪንስ! በዚህች ምድር ላይ «እኔ ማንም አይደለሁም» የሚል ዘፈን ሊዘፍን የማይገባው ሰው ካለ እሱ ነው። ዘፈነው ግን፣ ጊታሩንም አስለቀሰው።

የዚያ ቅጂ ጣጣ ራሱ አንድ ቀልድ ነው። ሰው የቀዳው ቪዲዮ በፕሪንስ በኩል በቀረበ ጥያቄ ከበይነ መረብ ተነሳ። ቶም ዮርክ ሲነገረው ሳቀና ዘፈኑ እኮ የእኛ ነው፣ መልሰው እንዲለቁት ንገሩት አለ። ይሄን ያዙልኝ፣ ለሚቀጥለው ክስ እፈልገዋለሁ።

«ባንዱ ራሱ ያፍርበታል»

የጸሐፊው ዋና ምሰሶ ይሄ ነው፣ እውነት ለመናገር ከሁሉም የተሻለውም እሱ ነው። ዘፈኑ ከተወደደ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል በየአገሩ እየዞሩ ያንኑ ሲጫወቱ ታከታቸው። ለእሱ ብቻ የመጡ፣ እሱ ሲያልቅ ብን ብለው የሚወጡ ተመልካቾች ነበሩ። ከ90ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከመድረክ አወረዱት። ሰው ሲጠይቃቸውም ፊታቸውን ያጠቁሩ ነበር። ይሄ ሁሉ እውነት ነው።

ግን መታከትና ማፈር አንድ ናቸው እንዴ? እስቲ ያ መታከት ምን እንደወለደ እንይ። በ1994 «ማይ አይረን ላንግ» የሚባል ዘፈን አወጡ። ስያሜው መተንፈስ ያቃተው ሕመምተኛ የሚገባበት የብረት ማሽን ነው፤ በሕይወት ያቆይሃል፣ ግን አያንቀሳቅስህም። ማሽኑ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ሙዚቃውን የቀረጹት በዚያው ዓመት ለንደን አስቶሪያ መድረክ ላይ ነው፣ የዮርክን ድምፅ ብቻ በኋላ ቀየሩት። ይህ ዘፈን በ1995 የወጣው የ«ዘ ቤንድስ» አልበም አካል ሆነ፤ ሬዲዮሄድን የአንድ ዘፈን ባንድ ከመባል ያወጣቸው እሱ አልበም ነው። ስለዚህ ጸሐፊው «ክሪፕን ንቀው ትተውት ነው ያደጉት» ሲል እኔ የምሰማው ሌላ ነው። ከእሱ ጋር እየተጣሉ ነው ያደጉት። የሚጣሉት ነገር ባይኖር ኖሮ የሚወጡበትንም መንገድ የሚፈልጉ አይመስለኝም።

ደግሞስ ጨርሰው ተዉት? በ2001 ኦክስፎርድ፣ የገዛ ከተማቸው ላይ ኮንሰርት አድርገው፣ መጨረሻ ላይ ሊጫወቱ ያሰቡት ዘፈን ኪቦርዱ አልሠራ ብሎ ተበላሸባቸው። በምትኩ ምን ተጫወቱ? «ክሪፕ»ን። በ2009 ሬዲንግ ፌስቲቫል ላይ የከፈቱት በእሱ ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት በመጀመሪያው ደቂቃ፣ ማንም ሳይለምናቸው! በ2016 ፓሪስ ላይ አንድ ተመልካች ጮኾ ጠየቀ፣ ተጫወቱለት። በ2017 ግላስተንበሪ ላይም ደገሙት። ሰው ያፈረበትን ልጅ ለእንግዳ አያስተዋውቅም።

ያዙልኝ ያልኳችሁን አሁን አምጡልኝ። ለፕሪንስ ቪዲዮ ዮርክ የሰጠው መልስ «የእኛ ነው» ነበር። ያፈረበት ሰው እኮ «ደግ አደረገ፣ ያጥፋልን» ነበር የሚለው።

«ቢፋቅ ምንም አይጎድልም»

ግማሹን እቀበላለሁ ያልኩት እዚህ ነው። «ክሪፕ» ያለበት አልበም፣ በየካቲት 1993 የወጣው «ፓብሎ ሃኒ»፣ ደካማ ነው። ጸሐፊው «አልበሙን ሙሉ የሚሰማ የለም» ሲል ትክክል ነው፤ እኔም ካንድ ሦስት ዘፈን በላይ አልዘልቅበትም። ቀሪው የብዙ ባንዶችን ድምፅ እየሞከሩ የራሳቸውን ገና ያላገኙ ልጆች ሥራ ነው። ታላቁ ሥራቸው የ1997ቱ «ኦኬ ኮምፒውተር» ነው ቢለኝም አልከራከረውም።

ችግሩ ከዚህ የሚያወጣው ድምዳሜ ነው። አልበሙ ደካማ ከሆነ ዘፈኑን ጎትቶ ሊጥለው በተገባ ነበር፣ የሆነው ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ዘፈኑ አልበሙን እስከዛሬ ተሸክሞታል። ገንዘቡን አስቡ ደግሞ። አንድ ኩባንያ መጀመሪያ 6,000 ቅጂ የሸጠና 78ኛ የወጣ ባንድ ይዞ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ አልበም እንደፈለጋችሁ ሥሩ የሚል ይመስላችኋል? «ኦኬ ኮምፒውተር»ን የሚወድ ሰው «ክሪፕ»ን ፋቁት ሲል የቆመበትን መሰላል እየቆረጠ ነው።

አንድ የቀረችኝ ነገር አለች። ጸሐፊው «ከሠላሳ ዓመት በኋላ ደራሲው እንኳ ዞር ብሎ አያየውም» ብሎ ነው የጨረሰው። በሐምሌ 2021 ቶም ዮርክ፣ የ52 ዓመት ሰው ሆኖ፣ የ«ክሪፕ»ን የድሮ አኩስቲክ ቅጂ አውጥቶ እያዘገመ፣ ሲንተሳይዘር እየጨመረ፣ ወደ ዘጠኝ ደቂቃ ለጥጦ እንደገና አወጣው። ድምፁ የሃያዎቹ ልጅ ድምፅ ነው፤ ግን በጣም ስለዘገመ የደከመ ሽማግሌ ይመስላል። በጨለማ ሰማሁት። አዝማቹ ሲቃረብ ያ ክርች የሚለው ጊታር እንደማይኖር አውቅ ነበር። ቢሆንም ጆሮዬ ቆሞ ጠበቀው።